ግድግዳውን ተይው

ማክሰኞ ማታ

ዛሬ ጠዋት የአባባን አንሶላ ልቀይር ስገባ፣ ከአልጋው ራስጌ ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ መዳፍ የሚያክል ጥቁር ነገር አየሁ። ጥላ መሰለኝ። ስነካው እጄን ቀዘቀዘኝ። ውሃ!

ከዚያ ግድግዳ ማዶ አዲሱ መታጠቢያ ቤት ነው። ተሠርቶ ካለቀ ገና ምኑ ተነካና! ሴራሚኩ እንኳን ማብረቅረቁን አልተወም።

መታጠቢያ ቤቱን ያሠራሁት አምሮኝ አይደለም። ሽንት ቤታችን ግቢው ጥግ ነበር። ባለፈው ዝናብ አባባ እዚያ ሲሄድ ተንሸራቶ እግሩ ተሰበረ። ወንድሜ ስልክ ላይ፣ «ወይ ቤት ውስጥ ይሠራለት፣ ወይ እኔ እወስደዋለሁ» ብሎ ቁርጡን ነገረኝ። ወንድሜ ያለው ሌላ ከተማ፣ ፎቅ ላይ ነው። ባልና ሚስቱ ጠዋት ወጥተው ማታ ነው የሚገቡት። አባባ እዚያ ሄደ ማለት ቀኑን ሙሉ በመስኮት መኪና ሲያይ ዋለ ማለት ነው። እዚህ በሩ ላይ ወንበር አለው፤ የሚያልፈው ሁሉ «አለቃ እንዴት ዋሉ» ይለዋል። የዚህን ሰፈር ግማሹን ቧንቧ የዘረጋው እሱ ነው። አልሰጥም። አባቴን ለፎቅ አልሰጥም።

ሥራውን የሰጠሁት ለቀጮ ነው። ቀጮ አባባ ያሳደገው ቧንቧ ሠራተኛ ነው። መጀመሪያ መፍቻ ተሸክሞ ሲመጣ ጉንጩ የገባ ልጅ ነበርና ስሙ እንዲያ ወጣለት። ዛሬ በራችን በጎን ካልሆነ አያስገባውም፤ ስሙ ግን አልወፈረም። የራሱ ፈቃድ አለው፣ ሠራተኛ ያሰማራል፣ ቤት በኮንትራት ይይዛል። ከሱ የተሻለ ማን ይታመናል ብዬ ነበር።

ደወልኩ። ግድግዳው እየረጠበ ነው ስለው «ነገ መጣሁ፣ እታለም» አለ። የደነገጠ አልመሰለኝም።

ረቡዕ

ቀጮ መጣ። አባባ ሲያየው ፊቱ በራ። «አንተ፣ አሁንም ትበላለህ?» አለው። «ምን ላድርግ አለቃ፣ ረሃቡ ነው የሚበላኝ» አለ ቀጮ፣ ጉልበቱን ስሞ። እኔ እርጥበቱን እያሳየሁ፣ እነሱ ይሳሳቃሉ።

ከዚያ ቀጮ፣ «አለቃ፣ እርስዎ ውጪ ይቀመጡ፣ አቧራ አለው» አለ። ምን አቧራ? እንኳን መዶሻ ሊያነሳ ጃኬቱንም አላወለቀ። አባባ እንደወጣ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳና ቆሞ ቀረ።

«ክፈተውና እንየው» አልኩት።

«ግድግዳውን ተይው።»

«ለምን ሲባል?»

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እታለም። ይሄን መስመር እዘጋውና በውጪ በኩል አዲስ እስባለሁ። ምንም አልጠይቅሽም።»

ክው አልኩ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሠራተኛ ባህሪ አውቃለሁ። እኔ ራሴ ቀሚሱ ሲጠብ «ወፍረሽ ነው» ነው የምለው። ሳይጠየቅ «ጥፋቱ የኔ ነው» ያለ ባለሙያ እስከዛሬ አላጋጠመኝም። የሆነ ነገር ቀብሮበታል ማለት ነው። አሮጌ ቧንቧ አስገብቶ ይሆናል። በአባባ ትከሻ፣ ዝም ትላለች ብሎ!

«ካልከፈትከው ሌላ አስከፍታለሁ» አልኩት። ላብ በላብ ሆነ። አባባን እንኳን በቅጡ ሳይሰናበት ሄደ።

ዓርብ፣ በሩጫ

የመታጠቢያ ቤቱን የውሃ መዝጊያ ዘግቼዋለሁ። በባልዲ እያመላለስኩ ነው። የዩኒፎርም ሰሞን ነው፤ ሱቁ በእናቶች ተጨናንቋል። የአንዷ ልጅ እጅጌ አጥሯል፣ የአንዷ ሰፍቷል። አባባ ውሃው ለምን እንደተዘጋ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ጫማዬን እያሰርኩ ደግሞ ጠየቀኝ። ከበር ስወጣ ደግሞ። ዝናቡ እንቅልፍ እየነሳው ነው።

እሑድ ማታ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከአባባ ጋር ዋልኩ። ውሃ አሙቄ፣ በፕላስቲክ ሳፋ አድርጌ እግሩን አጠብኩት። የተሰበረው እግር ከሌላው ቀጥኗል። ጣቶቹን አንድ በአንድ ሳሽ «ትኮረኩሪኛለሽ፣ ሚጣ» ይለኛል። ሚጣ! ሽበቴን በቀለም ደብቄ የምኖረውን ሴትዮ።

ስለ ቧንቧ አወራን፤ ከሱ ጋር ሌላ ምን ይወራል? «ፕላስቲክ ነገር አይታመንም» አለ። «ብረት ጌታ ነው። ስታጠብቂው ይመልስልሻል። እጅሽ ይሰማዋል፣ በቃኝ ሲል። ፕላስቲክ ዝም ብሎ ይቀበልሻል።» ይሄን ሲል እጁ አየር ላይ የሌለ መፍቻ ያዞራል። ያ እጅ አንጀቴን በላው። የፈለገ ቢያረጅ እጁ አሁንም የባለሙያ ነው።

ከዚያ «እናትሽ ዛሬ ቆየች» አለኝ።

እናቴ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። «ትመጣለች» አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ሙቅ ውሃው እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎት ነው፣ በሕልምና በእውን መሃል ሆኖ። ሁላችንም እንዲህ እንሆናለን።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ነርሷ ብቅ ብላ ነበር። ስሸኛት በር ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባትሽን ሐኪም አይቷቸዋል እንዴ በቅርቡ?» አለችኝ። እግሩ ድኗል አልኳት። «እግራቸውን አላልኩሽም» አለች። ዝናብ ጀመረና ሮጣ ቤቷ ገባች።

ሐሙስ ምድጃው ላይ ባዶ ማንቆርቆሪያ ተጥዶ፣ ቂጡ ከስሎ አግኝቻለሁ። እኔ ነኝ የረሳሁት። ሱቅ ነበርኩ፤ ግን ጠዋት ስወጣ ረስቼው ይሆናል። በዚህ ሁሉ ሐሳብ ላይ ራሴንም ብረሳ አይገርመኝም።

ሁሉም የዚያ የቀጮ ጣጣ ነው።

ማክሰኞ

ግድግዳው የጠጣው ውሃ ገና እየተሰራጨ ነው፤ እርጥበቱ ትራስ አክሏል። ቀለሙ መላጥ ጀምሯል። የአባባን አልጋ ወደ መሃል ሳብኩት፤ ጠዋት ተነስቶ ማን አልጋዬን አንቀሳቀሰ ብሎ ተቆጣ። እኔ ነኝ ስለው ሳቀና «መንፈስ መስሎኝ» አለ።

ወንድሜ ደወለ። ባልነግረው ጥሩ ነበር፤ ግን መዋሸት አልችልበትም። በስልክ እንኳን ፊቴ ያስታውቃል።

«ክሰሺዋ!» አለ። «ፈቃድ ያለው ሰው አይደል? ፈቃድ የሚሰጠው ጽሕፈት ቤት ሄደሽ አመልክቺ። መሐንዲስ ይላክ፣ ግድግዳው ይከፈት፣ ጥፋቱ ይታይ።»

«የአባባ ልጅ ማለት እኮ ነው።»

«የአባባ ልጅ እኔ ነኝ» አለኝ። ቀጥሎም፣ «ዝናቡ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ። እርጥብ ክፍል ውስጥ ሳንባ ምች እስኪይዘው ግን አልጠብቅም። መጥቼ እወስደዋለሁ።»

ስልኩን ዘጋሁ። ሱቅ ገብቼ የአንዱን ልጅ ኪስ ገልብጬ ሰፋሁ።

ለቀጮ በድጋሚ ደወልኩ። «ክፈተው» እላለሁ፣ «አዲስ ልሳብልሽ» ይላል። «ምን ደብቀህ ነው» እላለሁ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው» ይላል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

አመለክታለሁ።

ሐሙስ

አመለከትኩ። ጸሐፊዋ «አቤቱታዎ ከባድ ነው፤ ከተረጋገጠ ሰውየው ፈቃዱን ይነጠቃል» አለችኝ። ይነጠቅ አልኩ። ስፈርም ግን ብዕሩ ከበደኝ። መሐንዲሱ የሚመጣው በሚቀጥለው ሐሙስ ነው።

ማታ ለአባባ ነገርኩት። መንገር አልነበረብኝም።

«ማንን ነው የከሰስሽው?»

«ቀጮን።»

«ልጄን?»

እሱን ነው «ልጄ» ያለው። ለእኔ ሚጣ፣ ለሱ ልጄ። ትንሽ ሆኜ መፍቻውን ባነሳ «እጅሽ ይቆስላል፣ ሂጂ ወደ እናትሽ» ይለኝ ነበር። ቀጮን ግን ከጠዋት እስከ ማታ አጠገቡ አድርጎ አስተማረው። በዚህ ዕድሜዬ ቅናት! ግን ተሰማኝ፣ ምን ላድርግ።

«ልጅህ ግድግዳችንን አበሰበሰው» አልኩት።

«እሱ አያበሰብስም። እኔ አይደለሁ ያስተማርኩት?» አለና ከዘራውን መሬቱ ላይ መታ። ከዚያ አሰብ አድርጎ፣ «ያ መታጠቢያ ቤት መቼ ነው የሚጠናቀቀው ለመሆኑ?» አለኝ።

ተጠናቋል አባባ፣ ትታጠብበት ነበር እኮ አልኩት። «እሱማ ልክ ነሽ» አለ ቶሎ ብሎ። ሲናደድ ነገር ይጠፋበታል፤ ድሮም እንዲህ ነው። ድሮም እንዲህ ነበር መሰለኝ።

ቅዳሜ

ነርሷ የልጇን ዩኒፎርም ልታስለካ ሱቅ መጣች። ስለ ክሱ ነገርኳት። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ፣ «የሚገርመው እኮ፣ መታጠቢያ ቤቱ ሲያልቅ አካባቢ በመስኮት አይቻቸው ነበር፣ አባትሽንና እሱን። አባትሽ እጅጌያቸውን ጠቅልለው! እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አላየኋቸውም» አለች።

ቀጮ አጠገብ ቆሞ ሥራውን ሲያይ ነው። ማየት ይወዳል።

እኔም የዚያን ቀን ማታ ትዝ አለኝ። ስገባ አባባ እያፏጨ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ አፏጭቶ አያውቅም። ምን ተገኘ ስለው፣ «ዛሬ ሥራ ውዬ ነው» አለኝ። ቀልዱ መስሎኝ ሳቅኩ።

ልኬቱ ተሳስቶብኝ ልጅቷን ደግሜ አስቆምኳት።

ሰኞ

ቀጮ ሱቅ መጣ። በሰው ፊት። ዩኒፎርም የሚጠብቁ እናቶች ሁሉ አፋቸውን ዘግተው ጆሯቸውን ከፈቱ።

«እታለም፣ አንድ ነገር ልለምንሽ ነው።»

«ክሱን ተይው ልትለኝ ከሆነ እግርህን አታድክም።»

«ክሱን ተይው አይደለም የምልሽ። መሐንዲሱ ግድግዳውን ሲከፍት አለቃ ቤት እንዳይኖሩ። ሌላ ቦታ ውሰጃቸው። ነርሷ ጋ ይዋሉ።»

«ለምን? ያስተማረህ ሰው ጉድህን እንዳያይ ነው?»

ያንን ትልቅ አንገቱን ደፋ። «አዎ» አለ። «እንደዚያ በይው።»

«እንደዚያ በይው ማለት ምን ማለት ነው? እንደዚያ ነው ወይስ አይደለም?»

«የሚያስፈርሙኝን እፈርማለሁ። ፈቃዱንም ይውሰዱት። ብቻ አለቃ አይኑሩ።» ሊወጣ ሲል ዞሮ፣ «እራት ይበላሉ? ባለፈው ከስተው አየኋቸው» አለኝ።

ሲወጣ አንዷ እናት ለሌላዋ በሹክሹክታ፣ «ይሄ ሰው ሌባ አይመስልም» አለቻት። መቀስ ባነሳባት ደስ ባለኝ። ግን ልክ ናት። አይመስልም። ቀኑን ሙሉ ይሄ ነገር እንደ መርፌ ሲወጋኝ ዋለ። ሌባ ካልሆነ ምንድነው? ሰው በገዛ እንጀራው ላይ እንዲህ የሚፈርደው ለምንድነው?

የሚመጣልኝን መልስ አልፈልገውም።

ማክሰኞ ማታ

ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘጋሁ። አባባን ነርሷ ጋ ቴሌቪዥን እንዲያይ አስቀመጥኩት። ከአልጋው ሥር የመሣሪያ ሳጥኑን ጎትቼ መዶሻና መሮ አወጣሁ። «እጅሽ ይቆስላል» የሚለኝ አልነበረም። ቆሰለ።

ሴራሚኩን ሰበርኩት። ለሱ የመረጥኩትን ሰማያዊ ሴራሚክ። ልስኑ ረጥቦ ስለነበር እንደ እርጥብ ዳቦ ነው የረገፈው። ሻወሩ ከቧንቧው ጋር የሚያያዝበት ቦታ ስደርስ የውሃ መዝጊያውን ለአፍታ ከፈት አደረግኩት፤ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ቧንቧው አዲስ ነው። ጥሩ ቧንቧ ነው፤ አንድም አሮጌ ነገር የለበትም። ፕላስቲኩ መያያዣ ላይ ግን ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች። ዙሪያውን የትልቅ መፍቻ ጥርስ ነክሶታል። መያያዣው የሚጠመዘዝበት ጥርስ መሃል ደግሞ ቃጫ። ቃጫው ላይ ቀይ ቀለም።

ዛሬ ማንም ቧንቧ ሠራተኛ ውሃ እንዳያሾልክ ብሎ ቃጫ አይጠመጥምም፤ ሁሉም ነጭ ቴፕ ነው የሚጠቀመው። ቃጫ ጠምጥሞ ቀይ ቀለም የሚቀባ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ልጅ ሆኜ ልብሱ ላይ ያለው ቀይ ነጠብጣብ አይለቅም እያለች እናቴ ትነጫነጭ ነበር። ለብረት ቧንቧ ነው ያ ሁሉ ኃይል። ፕላስቲክን እንደ ብረት ያጠበቀ እጅ የማን እንደሆነ ለማወቅ መሐንዲስ አላስፈለገኝም።

ፍርስራሹ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ግድግዳው አይደለም ያስለቀሰኝ። ማንቆርቆሪያው። «እናትሽ ዛሬ ቆየች» ማለቱ። ጠዋት ሦስቴ የተጠየቅኩት። ሁሉንም አይቻለሁ እኮ! አንድ በአንድ እዚሁ ጽፌዋለሁ። ጽፌ ጽፌ ለያንዳንዱ ሰበብ ለጥፌበታለሁ፤ እንቅልፍ፣ ዝናብ፣ ንዴት። ባለሙያ ነኝ፤ የተቀደደ ነገር ላይ ጨርቅ መለጠፍ ማን እንደኔ።

ረቡዕ

ጠዋት ቀጮ የሚሠራበት ቤት ድረስ ሄድኩ። ሲያየኝ እጁን በሱሪው ጠረገ። የቆሰለውን እጄን አየና ገባው።

«ከፈትሽው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

ጡብ ላይ ጨርቅ አንጥፎ አስቀመጠኝ፣ እሱ ቆሞ። «የመጨረሻው ቀን አለቃ መጡ። ‹ይቺን እኔ ልግጠማት› አሉ። እምቢ ልበላቸው? መፍቻ እንዴት እንደሚያዝ ያሳዩኝ እኮ እሳቸው ናቸው። ሲያጠብቁት ጠቅ ሲል ሰማሁ፣ እታለም። በዚህ ጆሮዬ ሰማሁ።»

«ታዲያ ለምን አልቀየርከውም?»

«ልቀይረው ነበር። ዞር ሲሉልኝ። አጠገቡ ተቀመጡ፣ አልሄዱም። እጃቸውን እያዩ ‹አየህ፣ ጭንቅላቴ ይረሳል እንጂ እጄ አልረሳም› አሉኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጌ ልፍታው? ውሃ ለቅቄ አየሁት፣ ያዘ። ያዘ ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው ያልኩሽ ውሸቴን አይደለም።»

«ይረሳል ብሎ ራሱ ነገረህ?»

«ነገሩኝ።» ሌላ ቦታ ማየት ጀመረ። «‹ለሚጣ እንዳትነግራት፤ ካወቀች ወንድሟ ጋ ትልከኛለች› ብለው አስማሉኝ።»

እኔ! እኔ ነኝ የምልከው? እኔ እንዳይወስዱብኝ ስዋጋ፣ እሱ ከኔ ሲደበቅ። አንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ግድግዳ ማዶና ማዶ።

ቀጮ ኪሱን ፈትሾ መሐረብ አጣና የእጅ ጓንቱን ሰጠኝ። ሲሚንቶ ነው። ፊቴን ሲሚንቶ በሲሚንቶ አድርጌ ሱቅ ገባሁ።

ሐሙስ

ገና በጠዋቱ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ፣ መሐንዲሱ ሳይወጣ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ይቸግራል። ጸሐፊዋ፣ «ባለፈው ይነጠቅ አላሉም እንዴ?» አለችኝ። «ብያለሁ። ተሳስቼ ነው» አልኩ። «ታዲያ ጥፋቱ የማን ሆነ?» አለች። «የቤት ነው» አልኳት። ክሱን ቀደደችው።

ቅዳሜ

ቀጮ ሊጠግነው መጣ። አባባ ሸለብ ሲያደርገው ፈጥኖ መያያዣውን ሊቀይር ተስማምተን ነበር። አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን ሳይገጥም የከዘራው ድምፅ መጣ።

አባባ በሩ ላይ ቆሞ የተሰበረውን ግድግዳ አየ። «አምጣው» አለ። ቀጮ የተሰነጠቀውን መያያዣ ከመስጠት ሌላ ምርጫ አልነበረውም። አባባ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞሮ አገላበጠው።

«ይሄን የገጠመው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ አለቃ» አለ ቀጮ።

«አንተ? ፕላስቲክ ላይ በትልቁ መፍቻ? እንዲህ ነው ያስተማርኩህ? እንኳን ሰው ግድግዳ ይታዘብሃል!»

«ቸኩዬ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አለቃ።» ያ ሁሉ ሰውነት እንደ ተማሪ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። ልቋቋመው አልቻልኩም፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ስዞር አባባ ቃጫውን በጥፍሩ እየመዘዘ ነበር። አሸተተው።

«አንተ ቃጫ አትጠቀምም» አለው። ከዚያ እኔን አየኝ። «ሚጣ። የኔ ነው፣ አይደል?»

ውሸቱ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ይሄን ያህል ጊዜ ለራሴ ስዋሽ የቆየሁ ሰው ለሱ አንዲት መጨመር ምን ያቅተኛል? ግን ዓይኑ እውነቱን ነበር የሚለምነኝ።

«አዎ አባባ። ያንተ ነው።»

«አላስታውሰውም።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ጉልበቱ ሥር ቁጭ ብዬ እጁን ያዝኩት። ቀጮ ቧንቧ የሚያይ መስሎ ዓይኑን ይጠርጋል።

«እና እስካሁን በኔ ጥፋት ይሄን ልጅ ስትሰድቢው ከረምሽ?» አለ አባባ።

«ከሰስኩትም እንጂ።»

«ከሰስሽው!» አለ፤ ነግሬው እንደነበር ጠፍቶታል። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሳቁ መጣ። ቀጮም ሳቀ፤ ባልዲው፣ ሁላችንም፣ ክፍሉ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ሳቁ ሲያልቅ አባባ እንባውን ጠረገና፣ «በል ሥራ» አለው። «እኔ ተቀምጬ አያለሁ። መፍቻ ላንሳ ካልኩ ከልክለኝ።»

«እኔ እርስዎን? እንዴት አድርጌ?»

«እጄን ያዘኝ።»

ቀጮ ሠራ፣ አባባ ተቆጣጠረ። «ቀስ። በእጅህ ብቻ። በቃው፣ በቃው!» አንዴ ሳያስበው እጁ ወደ መፍቻው ሄደ። ቀጮ ያዘው። ከያዘውም በኋላ ቶሎ አልለቀቀውም።

እሑድ

ግድግዳው እየደረቀ ነው። አባባ ዛሬ በሙቅ ውሃ ታጠበና በሩ ላይ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ወንድሜ ሲደውል አጠገቡ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር።

«ተሠራ?»

«ተሠራ። አንዲት ጠብታ የለም።»

«ጎበዝ! በቃ እንግዲያው፣ እዚያው ይሁን» አለ። እዚያ ላይ ስልኩን መዝጋት እችል ነበር። የፈለግኩትን አግኝቻለሁ። ግን በቃኝ፣ ሰለቸኝ መለጠፍ።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አልኩት። «አባባ መርሳት ጀምሯል። ዕድሜ ብቻ አይደለም። ነርሷ ሐኪም ቀጠሮ ይዛልናለች።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከቆየ። ላለማየት ስል ነው እንጂ ከቆየ።»

«እንግዲያው መጥቼ ልውሰደው።»

«አይሄድም። አንተ ና፣ ደጋግመህ ና። እሱ አይሄድም።»

«ብቻሽን እንዴት ትችይዋለሽ? ዛሬ የሠራውን ረሳ፣ ነገ አንቺን ራስሽን ቢረሳሽስ?»

አባባን አየሁት። ሁሉንም ሰምቷል፤ ከዘራውን ጭኑ ላይ አጋድሞ እኔን ነው የሚያየኝ። ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ይርሳኝ!» አልኩት። «እዚሁ ቤቱ ሆኖ ይርሳኝ! ማነሽ ባለኝ ቁጥር አጠገቡ ሆኜ እነግረዋለሁ!»

«እንዲህ እየጮህሽ» አለ አባባ ከወንበሩ፣ «ማን ይረሳሻል?»